ስለ ቅዳሜው የሚዛን ስብሰባ ያለን አስተያየት

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፣

እንደሚታወቀው ሁሉ ከጥቂት ወራት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አሥራ አራት ያህል ጎረቤቶቻችን በማኅበራችን አዳራሽ እየተሰበሰቡ ክብደታቸውን ይመዘናሉ፤ ስለ አበላላቸውም ይወያያሉ። ይህንኑ በተመለከተ ልዩ ልዩ ወሬ ይሰማል። አንዳንዱ «የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አዳራሹ ለስብሰባና ለለቅሶ እንጂ ለሥጋ መመዘኛ አልተሠራም» ሲል ተሰምቷል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይም ሁለት ሐሳብ ይቀርባል። አንደኛው አዳራሹ እንዲከለከል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ይፈቀድላቸውና ክብደት የጨመረ ሰው እንደ ዕድር ቀሪ ቅጣት ይክፈል፣ ስሙና ኪሎውም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ የሚል ነው። እኛ ሁለቱንም አንደግፍም። ለምን እንደማንደግፍም ከጉባኤው በፊት መግለጽ ይገባናል።

ነገሩ ከየት መጣ ለሚሉ፣ አንዲት እናት ጎረቤታችን አሜሪካ ሜሪላንድ ካለች ልጃቸው ዘንድ ስምንት ወር ቆይተው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው። ልጅቱ የስኳር በሽታ ሊጀምራት ተቃርቧል ስለተባለች ዌይት ዋቸርስ ወደሚባል ስብሰባ በየሳምንቱ ትሄድ ኖሯል። እናትም ብቻዬን ቤት ከምቀመጥ ብለው አብረው ይሄዱ ነበር። ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል። «እንደኛው ማኅበር ነው እኮ! ጠላውና ዳቦው ብቻ ነው የጎደለው» ብለው አጫውተውናል።

ደግሞም አልተሳሳቱም። ያ ድርጅት ትልቅ ኩባንያ ከመሆኑ በፊት የሰፈር ሴቶች ስብስብ ነበር። በኒውዮርክ ከተማ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል የምትኖር ጂን ናይዴች የተባለች የቤት እመቤት እ.ኤ.አ. በ1961 ክብደቷ 97 ኪሎ ደርሶ ነበር። ከከተማው ጤና መሥሪያ ቤት ክሊኒክ የምግብ ዝርዝር ተሰጣት። ዝርዝሩስ ደግ ነበር፤ እሷ ግን ብስኩት ደብቃ መብላቷን መተው አቃታት። ይህንን ለክሊኒኩ ሰዎች መንገር አፈረች። ስድስት ጓደኞቿን ቤቷ ጠርታ ብትናገር ግን ለካስ እነሱም እያንዳንዳቸው የሚደብቁት ነገር አላቸው! ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መሰብሰብ ሆነ። በ1962 መጨረሻ ገደማ ክብደቷ ወደ 64 ኪሎ ወረደ። በግንቦት 1963 ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ ሲጠራ ሃምሳ ሰው ይመጣል ተብሎ ወደ 400 ሰው እንደመጣ ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልን። በዚያን ጊዜ ነጥብ መቁጠር የሚባል ነገር አልነበረም። ነጥቡ በአሜሪካ የተጀመረው በ1997 ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። አስቀድሞ የነበረው ስብሰባው ነው፤ የደበቁትን ነገር ለሚረዳ ሰው መናገር ነው።

ነጥቡን የምናጣጥል አይምሰላችሁ። ትምህርት ለሌለንም ሰዎች ሒሳቡን ያቀልልናል። በ1997ቱ ስሌት ካሎሪ የሚባለው የምግቡ ኃይል መለኪያ ለ50 ይካፈላል፤ በግራም የተለካው ቅባት ለ12 ተካፍሎ ይደመራል፤ ፋይበር ስላለው ደግሞ ጥቂት ይቀነስለታል። የወጣው ቁጥር የምግቡ ነጥብ ነው። ክብደቱ 70 ወይም 75 ኪሎ ለሆነ ሰው በቀን ከ20 እስከ 25 ነጥብ ይሰጠው ነበር። እንደ ደመወዝ ነው፤ ጠዋት ከጨረሱት ማታ የለም። ኩባንያው ስሌቱን ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ለውጦታል፤ ለእኛ ግን የመጀመሪያው ይበቃናል።

ታዲያ የቅዳሜዎቹ ሰዎች ይህንን ወደ ራሳችን ወጥ አምጥተው ሲያሰሉት ሁሉም የደነገጠው በእንጀራው ሳይሆን በዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ 14 ግራሙም ቅባት ነው። በስሌቱ ከሦስት ተኩል ነጥብ በላይ ይሆናል። አሁን ቤታችሁ ገብታችሁ አስሉት። አምስት ሰው ባለበት ቤት አምስት ሊትር ዘይት በወር ካለቀ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ ይደርሰዋል። ሰባት ነጥብ አለፈ ማለት ነው! ገና እንጀራው ሳይቆጠር ከቀኑ ድርሻ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሄደ። በአንጻሩ ሽምብራው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ምንም ጥፋት የለበትም። ኩባንያው ራሱ በ2017 ባወጣው ደንብ ጥራጥሬን ከዜሮ ነጥብ ምግቦች ውስጥ አስገብቶታል። ሽሯችን ንጹሕ ናት፤ የምናንሳፍፍባት ዘይት ነው ጉዱ። ለስላሳም እንዲሁ ነው። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ወደ ሁለት ተኩል ነጥብ ይወስዳል፤ ሆድ ግን አይሞላም።

ስለ ጾምም ብዙ ተነጋግረዋል። በኦርቶዶክስ ሃይማኖት የምንጾም ሰዎች በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከቅቤ እንርቃለን፤ ታዲያ ለምን እንወፍራለን? አንዲት እናት «እኔ በሁዳዴ ነው የምወፍረው» ብለው ሁሉንም አስቀዋል። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ቅቤው ሲቀር ዘይቱ እጥፍ ይሆናል፤ ድንቹ ይጠበሳል፤ ዳቦው በቀኑ ሻይ ላይ ይጨመራል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ሳምቡሳውን በተመለከተ ተመሳሳይ ነገር ነግረውናል። ይህ በጾሙ ላይ የሚነገር ክፉ አይደለም፤ ስለ መጥበሻው ነው።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን «ጉርሻ ስንት ነጥብ ነው?» የሚለው ሆነ። እስከ ዛሬ መልስ አልተገኘለትም። እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ቅዳሜዎቹ ሰዎች ሳይሆን ወደ ሁላችንም እንቀስራለን። አንድ ሰው ሐኪም ከልክሎኛል እያለ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ይቺን ብቻ» እየተባለ ሦስት ጊዜ ይጎረሳል። እምቢ ያለ እንደሆነ «ኮራ» ይባላል። ከስቶ የታየ ሰው ደግሞ «ምነው? አመመህ እንዴ?» ተብሎ መግቢያ ያጣል። ይህ አመል መነሻ እንዳለው እናውቃለን። ረኃብ ያየን ሕዝብ ነን፤ ከዚያም በሽታው በየቤቱ ሰው በሚያከሳበት ዘመን ወፍራም መሆን የጤና ምስክር ሆኖ ቆይቷል። አሁን ግን ዕድራችን የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። ስኳርና የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች በየመንደሩ አሉ፤ እግራቸው ቆስሎ አልድን ያላቸው፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው ጎረቤቶች አሉን። እነዚህን ሰዎች በፍቅር ስም ማስጨነቅ ይቅር እንላለን።

«የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ለሚሉ ወገኖች አጭር መልስ አለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ሴቶች ስምንቱ ከሚገባው በላይ ክብደት አላቸው፤ በ2000 ሦስት ነበሩ። የወፈረ ሁሉ ደግሞ ጠግቦ አይደለም። የእኛ ሰፈር ሰው የሚወፍረው ሥጋ በዝቶለት ሳይሆን ርካሹ ነገር ዳቦ፣ ስኳርና ዘይት ስለሆነ፣ ሥራውም ቁጭ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ ነው። ዘይትስ ረከሰ አንልም፤ ዋጋውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ በኩል እንኳ ነጥቡ ለኪስም ይጠቅማል።

ጥቅሙ ተረጋግጧል ወይ ለሚለው፣ በማኅበራችን ያሉ ነርስ የነገሩንን እናቅርብ። እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአውስትራሊያ፣ በጀርመንና በእንግሊዝ 772 ሰዎችን ከሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ከሐኪም ዘንድ የተለመደውን ምክር ብቻ ያገኙት በዓመቱ 2 ኪሎ ከሩብ ያህል ሲቀንሱ፣ ወደ ዌይት ዋቸርስ ስብሰባ የተላኩት 5 ኪሎ ያህል ቀንሰዋል። የጥናቱን ወጪ የከፈለው ድርጅቱ ራሱ መሆኑም ይታወቅ። በ2017 በእንግሊዝ በወጣ ሌላ ጥናት ለአንድ ዓመት የተሰበሰቡት ሰዎች 6.8 ኪሎ ያህል ቀንሰው ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ግን ቅናሹ 4.3 ኪሎ ሆኖ ተገኝቷል። ይመለሳል ማለት ነው። ስለዚህ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ባይመጣ ይሻለዋል። ነገር ግን ትንሽም ቅናሽ ብትሆን የምትናቅ አይደለችም። በ2002 በአሜሪካ የወጣው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ለበሽታው የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ረድቶ፣ በበሽታው የሚያዘውን ሰው ቁጥር በ58 ከመቶ ዝቅ አድርጓል። ሰባት ከመቶ 80 ኪሎ ለሆነ ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ይኸው ነው፤ ቀጭን ሁኑ ያለ የለም።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንምጣ። ዕድር ላይ የቀረ ሰው ቢቀጣ ተገቢ ነው፤ መምጣትና አለመምጣት በእጁ ነውና። ክብደት ግን እንዲያ አይደለም። ሰውነት ውኃ ይይዛል፤ መድኃኒት ያወፍራል፤ በአንድ ሳምንት ሁለት ሠርግና አንድ ክርስትና ይገጥማል። አንድ ኪሎ የጨመረ ሰው ቅጣት እንዳለበት ካወቀ በዚያ ቅዳሜ ይቀራል። በሚቀጥለውም ያፍርና ይቀራል። ከዚያ በቃ፣ ከነኪሎው ቀረ። ጨምሮ የመጣ ሰው እኮ ነው ስብሰባው ይበልጥ የሚያስፈልገው! ያቺ የኒውዮርክ ሴት ብስኩቷን ደብቃ ትበላ የነበረው ፈርታና አፍራ ነው፤ እኛ ደግሞ ማፈሪያ ሰሌዳ እናቁምላችሁ ስንል ምን ማለታችን ነው? በዌይት ዋቸርስም ቢሆን ክብደት በሰው ፊት አይነበብም፤ ተመዛኙና መዛኙ ብቻ ያዩታል።

ይህ በግምት የምንናገረው አይደለም። አንዲት እህታችን ከአዳራሹ ስትወጣ የሰፈር ልጆች «ኩንታል» እያሉ ተከተሏት። ሁለት ቅዳሜ ቀረች። የተመለሰችው ሁለት ጎረቤቶቿ ቤቷ ድረስ ሄደው፣ ቡና አፍልተው፣ ለምነው ስላመጧት ነው። እነዚያን ልጆች ወላጆቻቸው እንዲመክሯቸው እንጠይቃለን፤ ቤታቸውን እናውቃለን። ልጆች ሰድበው ሁለት ቅዳሜ ካስቀሯት ማኅበሩ በማኅተም ቢሰድባት ስንት ቅዳሜ ትቀራለች?

ገንዘብን በሚመለከት ስጋት አይግባችሁ። ኩባንያው ከአባላቱ በየወሩ ያስከፍላል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ግንቦት ላይ ከዕዳ ብዛት የኪሳራ አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ነበር፤ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ዕዳው ተቃልሎለት ወጥቷል። ብዙ ደንበኛ ወደ አዲሶቹ የክብደት መቀነሻ መርፌዎች ስለሄደበት ነው ይባላል። የእኛዎቹ ግን ሚዛኑን በመዋጮ ገዝተዋል፤ ሌላ ወጪ የለባቸውም፤ ከማኅበሩም የጠየቁት ወንበርና መብራት ብቻ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን ቢቀንስ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። እርጉዝ፣ የምታጠባ እናት፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ነጥብ ቆጥሮ አይቀንስ። እነዚህን ነርሷ ሳያነጋግሯቸው እንዳይመዘግቡ ተስማምተናል።

በዚህ መሠረት ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አዳራሹ ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ይፈቀድላቸው፤ ለቅሶ በገጠመ ቀን ለለቅሶው ይለቀቅ፤ ቅጣት አይኑር፤ ኪሎ የተጻፈበት ደብተር በነርሷ እጅ ብቻ ይቀመጥ። በማኅበሩ ድግስ ላይ ደግሞ ወጡ ዘይቱ ቀንሶ በሌላ ድስት ለብቻው ይሠራ፤ ከለስላሳው ጎን ውኃ ይቅረብ። የተቃወመ ሰው ቢኖር በጉባኤው ላይ በነጻ ይናገር፤ በየደጃፉ ግን አይንሾካሾክ።

ሚዛኑ በጽሕፈት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይገኛል። ቅዳሜ የማይመቸው ሰው ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መጥቶ መመዘን ይችላል። ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት