ወኪል ወይስ ሠሪ? ኤደንና ቶሪኖ የሚያሳዩን



በኦክስፎርድ የምትማሩ ጓዶች በሴንት አንቶኒ ኮሌጅ ደጃፍ ሳታልፉ አትቀሩም። ያ ኮሌጅ በ1950 ሥራውን የጀመረው አንቶኒን ቤስ የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ በ1948 በሰጠው ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ ስጦታ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን)። ገንዘቡ የተጠራቀመው በኤደን ሲሆን፣ ከተነገደበት ዕቃ መካከል የእኛ አገር ቡናና ቆዳ ይገኝበታል። እዚያ የሚማር ኢትዮጵያዊ የአያቱ በሬ ቆዳ ባቆመው ቤት ይማራል ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም።

ይህን ያነሣነው የሞተ ነጋዴ ለመውቀስ አይደለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በአባሎቻችን ዘንድ «ትምህርቴን ስጨርስ አገር ቤት ገብቼ የአንድ ኩባንያ ወኪልነት እይዛለሁ» የሚለው ሐሳብ እየበዛ መጥቷል። የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎቻችን ሳይቀሩ የመኪና መለዋወጫ ማስመጣትን ዋና ተስፋቸው አድርገውታል። እኛ ይህን አንደግፍም።

ቤስ በ1899 ኤደን የደረሰው የባርዴ ንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነው፤ ባለቅኔውን ራምቦን ቀደም ሲል ወደ ሐረር የላከው ያው ቤት ነበር። ከዚያ የራሱን አቋቋመ፦ ቆዳ፣ ቡና፣ የሼል ነዳጅ ወኪልነት፣ መርከቦች። ኤደን ከ1850 ጀምሮ ነፃ ወደብ ስለነበረች ዕቃ ያለ ቀረጥ ይራገፍባት ነበር፤ በ1950ዎቹም ከዓለም እጅግ ሥራ ከሚበዛባቸው ወደቦች አንዷ ሆነች። በ1954 ከተከፈተው የነዳጅ ማጣሪያ በቀር ግን የከተማዋ ኑሮ በማሳለፍ እንጂ በመሥራት ላይ የቆመ አልነበረም። በ1967 የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ ይህ ገሃድ ወጣ። ቦዩ እስከ 1975 ተዘግቶ ቆየ፤ መርከቡ ሲቀር ሥራውም አብሮት ቀረ።

በ1969 የደቡብ የመን መንግሥት የቤስን ኩባንያ ጨምሮ ትልልቆቹን የውጭ ንግድ ቤቶች ወረሰ። እዚህ ላይ ከቀድሞ ጓዶቻችን አንዳንዶቹ ይቀየሙን ይሆናል፤ ቢሆንም እንናገር። መውረስ አቀባባዩን ከበርቴ ያባርራል እንጂ አቀባባይነትን አያጠፋም። የግል መጋዘን የመንግሥት መጋዘን ስለሆነ ቶርኖ አይበቅልበትም። በአንጻሩ በ1938 እዚያው ኤደን በትንሽ ንግድ የተነሣው የሃይል ሰዒድ አንዓም ቤተሰብ ወደ ታዕዝ ተሻግሮ ብስኩት ማምረት ጀመረ። ብስኩት ብሎ መሳቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ከየመን ታላላቅ የኢንዱስትሪ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ወደ መኪናው እንመለስ። ካርሎ አባርት በ1949 ከአንድ የከሰረ የውድድር መኪና ኩባንያ የተረፈውን ይዞ በኢጣሊያ ሥራ ሲጀምር ስሙ የሚነሣው በውድድር ነበር፤ እንጀራው ግን ማርሚታ ነው። ተራው ሰው ለተራ መኪናው የሚገዛው፣ ድምፁ የሚያምር፣ ለሞተሩም ጥቂት ጉልበት የሚጨምር የጭስ ማውጫ። በ1962 በዓመት ከ250 ሺህ በላይ ማርሚታ ያመርት ነበር፤ አብዛኛው ወደ ውጭ የሚላክ። ለፊያት 600 ማጎልበቻ የሚሆኑ ዕቃዎችንም በሣጥን አሽጎ ይሸጥ ነበር። 633 ሲሲ የነበረው ሞተር 747 ሲሲ ሆነ። በ1971 ድርጅቱን ፊያት ገዛው፤ ውድድር ገንዘብ ይበላል።

ፊያት 600 ማለት ደግሞ ሌላ አይደለችም፤ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስታመላልሰን የኖረችው ሴይቼንቶ ናት። ያችው መኪና፣ ያው ሞተር። የእኛ መካኒኮች ፋብሪካው ከረሳት በኋላም ቀጥቅጠውና በይደው ለአሥርት ዓመታት አቆይተዋታል። ይህ ታላቅ ሙያ ነው፤ በሶማሌ ተራና በምናለሽ ተራ ዛሬም አለ። የጎደለው እጅ ወይም ብልሃት አይደለም። አንድ ማርሚታ መሥራትና ያንኑ ማርሚታ ሺህ ጊዜ ሳይዛነፍ መሥራት የተለያዩ ናቸው። ለሁለተኛው የተጻፈ ልክ ያስፈልጋል፤ የብረቱ ዓይነት፣ የሚጠነክርበት ሙቀት፣ የሚፈቀደው የሚሊሜትር ሽራፊ። የመካኒኩ ዕውቀት በጣቱ ላይ ስለሆነ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። እኛ ደግሞ ወረቀቱን ተምረን ጣቱን አናውቅም።

ከስደት ተመልሶ ፋብሪካ የከፈተም አለ። ከሆላንድ የተመለሰ ወገናችን በ2005 ሆላንድ ካርን መሥርቶ በሞጆ መኪና ገጣጠመ፤ ከመኪኖቹም አንዱን ዓባይ አለው። ድፍረቱን እናከብራለን። ነገር ግን የሚገጣጠመው አካል ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነበር፤ ኩባንያው በ2013 ከሰረ። በእኛ አስተያየት ከመኪናው ይልቅ በቡሽ፣ በፑሊ፣ በማርሚታ መጀመር ይሻል ነበር። ከ2024 ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ቶዮታ ብዙ ዓመት መኖሩ አይቀርም። መለዋወጫውን ማን ይሠራዋል?

ኤደን ዛሬም የእኛ ጉዳይ ናት። ከኦቦክ በጀልባ ተሻግረው፣ ከ2015 ጀምሮ በጦርነት በተጎዳች አገር በኩል ወደ ሳዑዲ የሚያመሩ ወጣቶቻችን ብዙ ናቸው፤ ባሕሩ የሚያስቀራቸውም ብዙ። ከመካከላቸው መፍቻና ብየዳ የሚያውቁ እጆች የሉም ብሎ የሚከራከረን ካለ እንስማው።

እስከዚያው ሐሳባችን ይህ ነው። በምሕንድስና ክፍል ያላችሁ አባላት በመጪው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዳችሁ አንድ ዕቃ ምረጡ። በትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ለኩት፤ ብረቱን መርምሩ፤ ሥዕሉን ሣሉ። ማብራሪያውን መካኒክ በሚገባው አማርኛ፣ ካምቢዮን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንን ፍሪሲዮን ብላችሁ ጻፉና ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክቡ። አባዝተን ለአገር ቤት የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች እንልካለን።