መካኒክነት የደካማ ተማሪ ማረፊያ አይደለም



«ልጃችሁ በትምህርቱ ደከም ስላለ ወደ ሙያ ክፍል ይሂድ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት ነው። በ1984ና በ1991 ከገቡት ልጆቻችን ብዙዎቹ ወደ ፕኒሚያ ተልከው ሙሉ ባግሩት በማያስገኝ የሙያ ክፍል ተመድበዋል። ስለዚህ «መካኒክ» ሲባል ብንቆጣ አይፈረድብንም። ቁጣችን ግን በሙያው ላይ መሆን የለበትም።

የአውሮፕላን ጠጋኙን ሥራ እንመልከት። አውሮፕላን ሽቅብ በወጣ ቁጥር በውስጡ የታመቀው አየር አካሉን ይወጥረዋል፤ ሲወርድ ይረግባል። ይህ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ከሪቬቱ ቀዳዳ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይነሳል። ቴክኒሻኑ በመሣሪያ ፈልጎ ያገኘዋል። የተጎዳውን ላሜራ ቆርጦ ያወጣል፤ የቆረጠበትንም ማዕዘን ክብ ያደርገዋል፤ ሹል ማዕዘን አዲስ ስንጥቅ ይወልዳልና። ከዚያ የልጣፉን ውፍረት፣ የሪቬቶቹን ብዛትና ርቀት ከእንግሊዝኛው መመሪያ አንብቦ፣ ለክቶ ይሠራል። በመጨረሻም በስሙ ይፈርማል።

ጥገናው ከተበላሸስ? በ1978 ኦሳካ ላይ ጭራው መሬት የመታ የጃፓን ጃምቦ ጀት ተጠገነ። ሁለት ረድፍ ሪቬት ሊሸከመው የሚገባውን ጫና አንድ ረድፍ ብቻ እንዲሸከም ሆኖ ተሠራ። ሰባት ዓመት በረረ። ኦገስት 12 ቀን 1985 የኋላው ግድግዳ ተቀደደ፤ 520 ሰው አለቀ። እንዲህ ያለውን ሥራ «ደከም ላለ ልጅ» ብሎ የሚመድብ ማን ነው?

አገር ቤት ሳለን አባቶቻችን ወናፍ እየነፉ ማረሻ ሲሠሩ፣ ጎረቤት በዚያው ማረሻ እያረሰ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። እዚህ ግን በ1953 ሎድ ላይ የተቋቋመው የአውሮፕላን ጥገና ድርጅት ስሙ ራሱ «ቤዴክ» ነው፤ ምርመራና ጥገና ማለት ነው። የዛሬው የእስራኤል የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ የተወለደው ከእርሱ ነው። በሜይ 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ መቀመጫው ተነቅሎ ከሺህ በላይ ወገኖቻችንን በአንድ በረራ ያመጣውን ጃምቦም ለመብረር ያበቁት መካኒኮች ናቸው። ስለ አብራሪዎቹ ብዙ ሰምተናል፤ ስለ እነርሱ ግን ማንም አልነገረን።

እንግዲህ «ሙያ ክፍል» ስትባሉ ጠይቁ፦ ሒሳብና እንግሊዝኛ በስንት የሂዶት ይማራል? ባግሩቱ ሙሉ ነው? ሲጨርስስ ወደ ቴክኒሻንነት ፈቃድ ያደርሰዋል ወይስ መፍቻ ያቀብላል? ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ሌላ ሰው ይምጣ። መልሱ በጽሑፍ እስኪሰጣችሁ ድረስም አትፈርሙ።