ለጓዳ ጉንዳን ሲባል ሐይቁን መመረዝ

ገብረ ጉንዳን ጓዳ ሲገባ የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ከሰብል ርጭት ወደተረፈው ማላታይን ነው። (መርዙ ከጨው ጎን መቀመጡ ራሱ ሌላ ጉድ ነው።) ደጃፉ ይረጫል፤ የታዩት ይረግፋሉ፤ በሳምንቱ ሌሎች ይመጣሉ። ንግሥቲቱ ከመሬት በታች እንቁላሏን እየጣለች ነዋ!

የሐይቅ ከተማ ሰው ይህን ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ክረምት ከየግቢው አጥቦ የሚያወርደው እዚያው ይቀራል። ማላታይን ደግሞ ዓሣም ንብም ይገድላል። ማሯ ለሚወደስላት አምባሰል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ «እሳት ጉንዳን» የተባለውን መጤ ተናካሽ ለማጥፋት ከአውሮፕላን መርዝ ረጨች። ብዙ አእዋፍና የዱር እንስሳት ሞቱ፤ ጉንዳኑ ዛሬም አለ።

የሚሻለው ማባበል ነው። በስኳር ውሃ ውስጥ 1 በመቶ ገደማ ቦሪክ አሲድ ይሟሟል። ሠራተኛዋ ጠጥታ ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲቀባበሉት ንግሥቲቱ ዘንድ ይደርሳል። መርዙን ማብዛት ሥራውን ያበላሻል፤ ሠራተኛዋ መንገድ ላይ ትቀራለች። ንብ እንዳይገባበት በጠባቡ በተበሳ ክዳን ተከድኖ፣ ልጅና ዶሮ ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት መታገሥ ግድ ነው።

በሰልፍ የሚወረው ጉንዳን ግን ሌላ ነው። አዳኝ ነው፤ ቋሚ ጎጆም የለውም፤ ስኳሩን ዞር ብሎ አያየውም። ለእሱ ንብ አናቢዎች ከቀፎ ሥር የሚነሰንሱት አመድ ይሻላል፤ ዝናብ ባጠበው ቁጥር እንደገና መነስነስ ነው።