ልዩ በያጅ ማስተማር ለነጋዴው ያለው ጥቅም

ወለንጪቲ በሁለት የስኳር ፋብሪካዎች መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በአንድ ወገን በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወንጂ፥ በሌላው ወገን በ1962 ዓ.ም. የተከተለው መተሐራ አለ። በመካከሏም ከጅቡቲ ወደብ ዕቃና ነዳጅ የሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች ያልፋሉ። ፋብሪካውም መኪናውም ያለ በያጅ ሊዘልቁ አይችሉም።

ይሁን እንጂ በያጅ ሁሉ አንድ አይደለም። በርና መስኮት አሳምሮ የሚሠራ ወጣት የፋብሪካ ቦይለር ቱቦ ወይም የነዳጅ ቦቴ ሊሰጠው አይገባም። የበር ብየዳ ቢለቅ በሩ ይወልቃል፤ ከፍተኛ እንፋሎት የያዘ ቱቦ ቢለቅ ግን ሰው ይሞታል። ቦቴም ነዳጁ ተራግፎ እንኳ በውስጡ የሚቀረው ተን በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳልና፥ በሚገባ ታጥቦና አየሩ በመሣሪያ ተመርምሮ ካልሆነ በቀር እሳት አይቀርበውም። እንዲሁም አገዳ የሚጨምቁት ታላላቅ የብረት ጥቅሎች ላያቸው ሲሟልጥ አገዳውን ቆንጥጠው እንዲይዙ ጠንካራ የብየዳ ነጠብጣብ ይደረግባቸዋል፤ ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ስለዚህ ይህን ሥራ የሚመኝ ወጣት በሙያ ማሠልጠኛ መሠረቱን ተምሮ የብቃት ምዘናውን ካለፈ በኋላ አንዱን መስክ መርጦ በአዋቂ ሥር በረዳትነት ቢውል ይበጀዋል። ፋብሪካዎች መጭመቅ አቁመው መሣሪያቸውን የሚጠግኑበት ወራት ለጀማሪ መልካም በር ነው። የምስክር ወረቀቱም ብቻውን አይበቃም፤ የበየደው ናሙና ተቆርጦ ሲታጠፍ ሳይሰነጠቅ መገኘት አለበት።

«ይህ ለእኛ ለነጋዴዎች ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። አዋቂ በያጅ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር የቆመ ተሳቢ የጫነው የእኛን ዕቃ ነው፤ የመዘግየቱንም ኪሳራ የምንከፍል እኛው ነን።

እንግዲህ ከእኛ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የብየዳ ኤሌክትሮድ የምናስመጣና የምንሸጥ ሰዎች ዕቃውን በቁጥሩ እንወቀው። 6013 ለተራ ሥራ ይበቃል፤ ለከባድ ሥራ የሚፈለገው 7018 ግን ልባሱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፥ እሽጉ ተቀዶ በመደብር ወለል ላይ የሰነበተ እንደ ሆነ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በብየዳው ውስጥ ያስከትላል። በደረቅ ስፍራ፥ ከነእሽጉ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ሁለተኛ፥ ጋራዥና መኪና ያለን ሁሉ አንድ አንድ ወጣት ተቀብለን የመለማመጃውን ብረትና ኤሌክትሮድ፥ የዓይን መከላከያውንም እንቻል። «ካስተማርኩት በኋላ ጥሎኝ ይሄዳል» የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ አንዳንዱ ይሄዳል። ነገር ግን የሚያገለግልበት ዘመን በጽሑፍ ውል ሊወሰን ይችላል። ውሉን ፈጽሞ ወደ ወንጂ ወይም ወደ መተሐራ ቢሄድም ከአካባቢያችን አልራቀም፤ ሙያውም ከእርሱ ጋር አለ። ያላስተማርነው ግን ቢቀመጥም አይጠቅመንም።

ክቡራን ነጋዴዎች፥ የከተማችን ልጆች የሌላ አገር በያጅ መሣሪያ ተሸካሚ ሆነው እንዳይቀሩ ከመጪው የጥገና ወራት አስቀድመን እንድንነሣ እናሳስባለን።