ድንኳኑ ከታጠፈ በኋላ

የመግሪብ አዛን ሊሰማ ጥቂት ሲቀረው በሐይቅም ሆነ በውጫሌ የሚታየው አንድ ዓይነት ነው። ልጆች የተከደነ ሰሃን ይዘው ከቤት ቤት ይመላለሳሉ። ከዚህኛው ቤት ሾርባ ይሄዳል፣ ከዚያኛው ሳምቡሳ ይመጣል፤ ባዶውን የሚመለስ ሰሃን የለም። ጎረቤቱ ብቻውን እንዳያፈጥር የወሎ ሰው በዚህ ወር አጥብቆ ይጠነቀቃል። ሆኖም በየሰፈሩ ሰሃኑን በገርበብታ ተቀብሎ በሩን ወዲያው የሚዘጋ ሰው አይጠፋም። ከተራዊህ ከቀረ ሰንብቷል። ሲጠይቁት “ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ” ብሎ ይመልሳል። ሌሊት ግን እየባነነ እንደሚነሳ ቤተሰቡ ያውቃል። ዛሬ በዚህ አምድ የምናነሳው ስለዚህ ሰው ነው።

ሐይቅና አምባሰል ክፉ ቀንን በወሬ ብቻ የሚያውቁ አገሮች አይደሉም። የ1966ቱ ረሃብ ከሁሉም ይልቅ የመታው ወሎን ነው። አሥር ዓመት አለፍ ሲል የ1977ቱ መጣ፤ የባቲና የኮረም መጠለያዎች በሰው ተጥለቀለቁ። ከዚያም ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙው ከወሎ፣ በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና መተከል ተጓጓዘ። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት የተለያየበት ጉዞ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ የነበረው ዛሬ የልጅ ልጁን አቅፎ ያፈጥራል።

ያኔ የተቆጠረው ኩንታሉና ብርድ ልብሱ ነው። መቆጠሩም ተገቢ ነበር፤ የራበው ሰው አስቀድሞ መብላት አለበት። የትኛውን ልጅ አዝላ የትኛውን ከመንገድ ትታ እንደሄደች የምታስታውሰውን እናት ግን “እንቅልፍሽ እንዴት ነው?” ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ዛሬም ሞሰቡ ሞልቶ እያለ ቁራሽ እንጀራ በጨርቅ ቋጥራ ከአልጋዋ ሥር የምትሸሽግ አያት አለች። የልጅ ልጆቿ ይስቁባታል፣ እኛም አብረን እንስቃለን። የምትሸሽገው ግን የዛሬውን እንጀራ አይደለም፣ የዚያን ጊዜውን ነው።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን ወሎ አላረፈም። የ2008ቱ የኤልኒኖ ድርቅ አለ፤ በ2013 መኸር ማሳ ላይ የወረደው የአንበጣ መንጋ አለ። በ2014 መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ እዚሁ ደረሰ። ጦርነት የተፈጥሮ አደጋ ባይሆንም፣ አንዱ ቁስል ሳይጠግግ ሌላው ሲጨመርበት ልብ ይኼኛው ከየት መጣ ብሎ አይለይም።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለዚህ ጉዳይ የሚለው ተስፋም ማስጠንቀቂያም አለው። አደጋ ከደረሰባቸው ሰዎች ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ይጨነቃሉ፤ እንቅልፍ ያጣሉ፣ ይፈራሉ፣ ይቆዝማሉ። አብዛኞቹ ደኅንነት ሲያገኙና ሰው ሲከባቸው ቀስ በቀስ ይድናሉ። የቀሩት ግን ጊዜ ብቻውን አይፈውሳቸውም። ወራት አልፈው አሁንም የሚባንን፣ ያ ቀን ዛሬ እንደሆነ እየመጣ የሚያስጨንቀው፣ ከሰው የሸሸና ሥራ ያስጠላው፣ አልፎም መኖር የሰለቸው ሰው የሕክምና እርዳታ ያሻዋል።

እንግዲህ ሰው መክበብን ለወሎ የሚያስተምር የለም። ቅሬ አለን። ሞት በተሰማ ሰዓት ቅሬው ይወጣል፤ ቆፋሪው ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ውኃና እንጨት ይቀርባል። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ነው የሚቀበረው። ሐዘንተኛ ቤት ምግብ ይዞ የመሄዱ ነገርም ከሱና የመጣ ነው፤ ጃዕፈር በሙእታ ዘመቻ በተሰዋ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራ አዘዋል፤ ሐዘኑ ይዟቸዋልና። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ ሦስት ተግባር ይዘረዝራል፦ መመልከት፣ ማዳመጥና ከሚረዳ ጋር ማገናኘት። የመጀመሪያውን ቅሬያችን ከጥንትም ያውቀዋል። ጎደሎው ያለው በሁለቱ ላይ ነው።

ምክንያቱም ድንኳኑ ይታጠፋል። በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 የደረሰውን የመሬት መንሸራተት እናስታውስ። የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ደርቦባቸው ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከዚያ በኋላ አገሩ ወደ ሌላ ወሬ ሄደ። አካፋውን ይዞ አንድ እርምጃ ወደኋላ በመቅረቱ የተረፈው ሰው ግን “እኔ ለምን ተረፍኩ?” የሚለውን ጥያቄ ይዞ ቀረ። ቁልቁለት ላይ ለሚኖረው ለእኛ ገበሬ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሌሊት ዝናቡን እያዳመጠ የሚያድር አለ።

ስለዚህ ቅሬዎቻችን አንድ ግዴታ እንዲጨምሩ እንጠይቃለን። ድንኳኑ ከታጠፈ በኋላ ለስድስት ወር ያህል ሐዘንተኛውን በየሳምንቱ ቡና የሚያጠጡ ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ ሴቷን ሴት፣ ወንዱን ወንድ። ምክር አይጠበቅባቸውም። እንዲያውም ብዙ ባይመክሩ ይሻላል። “እንዲህ የሆነውስ፣ ከአንቺ የባሰስ” እያሉ ሐዘንን ከሐዘን ማወዳደር ሰውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያጽናናውም። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለማዳመጥ በቂ ነው።

ይህ ቀልድ የሚመስለው ካለ የዚምባብዌን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የሐራሬ የአእምሮ ሐኪም፣ ዲክሰን ቺባንዳ፣ ባለሙያ ቢያጣ 14 አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሥራቸው የተጨነቀን ሰው ማዳመጥና ችግሩን አንድ በአንድ አብሮ መፍታት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የታተመው ጥናት የታካሚዎቹ ድባቴና ጭንቀት በእርግጥ እንደቀነሰ አሳየ። እኛ ወንበሩን በቡና ረከቦት እንተካው።

ከዚህ የሚከብደው አፋችን ነው። የተጨነቀውን “ኢማኑ ደክሞ ነው” እንላለን። ነብዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ አለቀሱ፤ ኢማናቸው ደክሞ ነበር የሚል ሙስሊም አለ? ነብያችንም ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖሩት የበልኹ ሊቅ አቡ ዘይድ አል በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ሐዘንን፣ ፍርሃትንና የማይለቅ ሐሳብን ሕክምና እንደሚገባቸው ሕመሞች ቆጥረዋቸዋል። ቁርአን ይቀራበት፣ ዱዓ ይደረግለት፤ መልካም ነው። ሐኪም ዘንድ መሄዱን ግን አያስቀርም። በሰንሰለት ማሰር ደግሞ በየትኛውም ሚዛን ሕክምና አይባልም።

በዚህ ወር ቤተሰብ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ለአእምሮ ሕመም ወይም ለሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ብዙዎች ረመዳን ሲገባ በራሳቸው ፈቃድ ያቆማሉ። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው የሰውነቱ ውኃ ሲያንስ መድኃኒቱ ሊመርዘው ይችላል፤ የሌሊት እንቅልፍ ማጣትም ስሜታቸው ከፍና ዝቅ ለሚል ታማሚዎች ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሁር ሰዓት ሊስተካከል ስለሚችል ሐኪሙን መጠየቅ ይበጃል። ሐኪሙ አትጹም ካለውም ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ሲሻለው ቀዷ ያወጣል፣ የማይድን ከሆነ ፊድያ ይከፍላል። ኢማሞቻችን ይህን ከተራዊህ በፊት በሁለት ደቂቃ ቢናገሩ ብዙ ቤት ይተርፋል። ቤት ውስጥም “ሁሉ ጾሞ አንተ ብቻ” የሚለው ቃል አይሰማ።

መንግሥትም ከዚህ ነፃ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ መቆየቱ የሚነግረን ነገር አለ። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ሲወጣ ከስንዴውና ከድንኳኑ አጠገብ የሳይካትሪ ነርስና መድኃኒት መግባት አለባቸው። ቤት ለቤት የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ክትባት ስትጠይቅ ስለ እንቅልፍም እንድትጠይቅ ትሠልጥን።

ለዘካና ለሰደቃ የምናወጣውም ገንዘብ እዚህ ይደርሳል። ከሐይቅ ደሴ ሆስፒታል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ከአምባሰል ገጠር ለሚነሳው ግን መጀመሪያ እስከ ውጫሌ በእግር አለ፤ ከዚያ መኪና፤ ካልደረሰለትም ለአዳር ገንዘብ። መድኃኒቱ ደግሞ በየወሩ ነው። ሕክምናውን ጀምረው በትራንስፖርት እጦት ለሚያቋርጡ ድሆች የመስጂድ ኮሚቴዎች በዚህ ረመዳን የደርሶ መልስ ሒሳብ ቢመድቡላቸው ወጪው ከአንድ ትልቅ የኢፍጣር ግብዣ አይበልጥም።

ያቺ በገርበብታ የምትከፈተው በር ዘንድ ደግሞ ዛሬ ማታ ሰሃኑን ልጅ አይውሰደው። ትልቅ ሰው ይዞት ይሂድ፤ “አብረን እናፍጥር” ብሎም ገብቶ ይቀመጥ።