የደባርቅ ባቄላ ዜግነቱን በምን ያስመሰክር?

ከደባርቅና ከዳባት ገበያ የሚወጣ ባቄላ ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። አፈሩም ዝናቡም የሰሜን ተራራ ግርጌ ነው። ድንበር ላይ ግን «የማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም በቃል ሳይሆን በወረቀት ነው የሚፈለገው።

የሥሪት አገር ደንብ የሚባለው ይሄ ነው። አገሮች ተስማምተው ለአባላት ዕቃ ቀረጥ ሲቀንሱ፣ የሌላ አገር ዕቃ በአባል ስም እንዳይገባ የሚጠብቅ ዘበኛ በሉት። ኢትዮጵያ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ ፈርማ፣ በ2011 አጽድቃ፣ በመስከረም 2018 በስምምነቱ መነገድ ጀምራለች። ስለዚህ ጉዳዩ የስብሰባ ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ደንቡ ራሱ ለገበሬው አይከብድም። እዚሁ በቅሎ እዚሁ የታጨደ እህል ሙሉ በሙሉ የአገር ውስጥ ነው፣ አለቀ። ጭቅጭቁ ያለው ፋብሪካ ላይ ነው። የጎንደር ብቅል ፋብሪካ በደባርቅ ገብስ ብቻ ቢሠራ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የውጭ ገብስ ሲገባበት ግን «በቂ ለውጥ ተደርጎበታል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የሐዋሳ ፋብሪካዎች ከውጭ በመጣ ጨርቅ የሰፉትን ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ያስገቡ የነበረው አጎዋ ለጨርቅ ላላ ያለ ደንብ ስለነበረው ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ ስትወጣ ያ ዕድልም አብሮ ሄደ።

ወደ ባቄላው እንመለስ። ለምሳሌ ያህል የ200,000 ብር ጭነት የያዘ ነጋዴ 5 በመቶ ቀረጥ ቢቀርለት ትርፉ 10,000 ብር ነው። ለምስክር ወረቀቱ መመላለሻ፣ አልጋና መኪናው ቆሞ ለዋለበት 12,000 ብር ካወጣ ግን ቀረጡን ከፍሎ ቢሄድ ይሻለዋል። የ4 ሚሊዮን ብር ጭነት ያለው ደግሞ በዚያው 12,000 ብር 200,000 ብር ያድናል። ስምምነቱ አንድ፣ ወረቀቱም አንድ፣ የሚጠቀመው ግን ትልቁ ነጋዴ ነው። መንገዱ ሰላም ሳይሆን ስለ ወረቀት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል፤ አልፈርድበትም። ግን መንገዱ ሲከፈትም ይሄ ሒሳብ እዚያው ይጠብቀናል።

የአህጉሩ ስምምነት ለትንሹ ነጋዴ አንድ በር ትቷል፦ ዋጋው ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ ጭነት ከሆነ ላኪው ራሱ የዕቃውን ሥሪት አገር ጽፎ ማረጋገጥ ይችላል። የእኛ ባለ 200,000 ብር ነጋዴ እዚህ ውስጥ ይገባል። የዞኑ ንግድ መምሪያ የማረጋገጫውን ናሙና በአማርኛ ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው።

ፈራሚው ግን ኋላ ሲጠየቅ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ባቄላው ከገበሬው ለሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢው ጎንደር ላለ ጅምላ ነጋዴ ሲተላለፍ በየመንገዱ ይደባለቃል፤ ደረሰኝ የሚሰጥም የለም። ለእኔ በዚህ በኩል የሚሻሉት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ማን ስንት ኩንታል እንዳስገባ ድሮም መዝገብ ላይ ይጽፋሉ።