ስለ ባዶ ማዳበሪያና ስለ ባዶ ጀሪካን

በሆሳዕና ከተማ በአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ውስጥ በጸሐፊነት ሳገለግል ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ ደረሰኝ መቍረጥ፥ ደብዳቤ መጻፍና የገቢና የወጪ መዝገብ መያዝ ስለ ሆነ፥ ስለ ንግድ ታላላቅ ጉዳዮች አሳብ ለመስጠት የሚበቃ ዕውቀት አለኝ አልልም። ነገር ግን ከመዝገብ ያዥ ዐይን የማያመልጥ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ ይኸውም በየቀኑ ከመደብሩ በነጻ የሚወጣው ፌስታል ነው።

ፌስታል በእኛ መዝገብ ላይ የራሱ ዐምድ ኖሮት አያውቅም። «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ሥር ከሻማ፥ ከክብሪትና ከመጥረጊያ ጋር ተደምሮ ይጻፍ ነበር። ደንበኛው ምንም ሳይከፍልበት ይዞት ስለሚሄድ፥ ሁላችንም ዋጋ የሌለው ነገር መስሎን ኖረናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቁጥር 513፥ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ደንግጎ ነበር። ዐዋጁ በወረቀት ላይ፥ ፌስታሉም በየቦዩ ውስጥ ሲኖሩ ዐሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። በ2017 ዓ.ም. ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተይዞ የሚጣለውን ፌስታል ጨርሶ የሚከለክል ዐዋጅ አጸደቀ። ሩዋንዳ ይህን ያደረገችው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008፥ ጎረቤታችን ኬንያም በ2017 ስለ ሆነ፥ እኛ ቸኵለናል ሊባል አይቻልም።

እንግዲህ ጥያቄው በምን እንተካው የሚለው ነው። ከነጋድያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ አስመጪ የሚመጣውን የጨርቅ መሳይ ከረጢት ይጠባበቃሉ። እኔ በበኩሌ ተተኪው በየጓሮአችን ተጠቅልሎ ተቀምጧል ብዬ አምናለሁ። ይህም ባዶው ማዳበሪያ ነው።

ማዳበሪያ ስል የመሬቱን ምግብ ሳይሆን ከረጢቱን ማለቴ እንደ ሆነ ማንም የሆሳዕና፥ የዱራሜ ወይም የሾኔ ሰው ይረዳዋል። ቃሉ ከዕቃው ወደ መያዣው ከተሻገረ ቈይቷልና፥ ዛሬ እህል የተሞላውንም፥ ከሰል የተሞላውንም ከረጢት «ማዳበሪያ» እንላለን። አንዱ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሁለት የገበያ ዘንቢል ይወጣዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያ ተገልብጦ በውሃና በሳሙና ደኅና አድርጎ ይታጠባል፤ በጥላ ይሰጣል፤ ከዚያም ወገቡ ላይ ይቈረጣል። የታችኛው እኩሌታ መቀመጫው አስቀድሞ የተሰፋ ስለ ሆነ የአፉን ጠርዝ ሁለት ጊዜ አጥፎ መስፋት ብቻ ይበቃዋል። ለላይኛው እኩሌታ ግን መቀመጫ መስፋት ያስፈልጋል። ክሩ እንዳይተረተር ጠርዙን በሻማ ነበልባል ዳር ዳሩን ማስነካት ይጠቅማል፤ ይህም በደጅ ይሁን፥ ጭሱ ለደረት አይስማማምና። ማንገቻው ከራሱ ከከረጢቱ ቅዳጅ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የቃጫ ገመድ ነው።

ስለ ቃጫ ጥቂት ልናገር። የሐድያና የከምባታ እናቶች እንሰቱን ፍቀው ቆጮውን ሲያወጡ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው። ብርቱ ነው፤ እጅን እንደ ፕላስቲክ ገመድ አይቈርጥም። ለቤት መሥሪያ፥ ለከብት ማሰሪያ፥ ለወንፊትና ለጆንያ ሲሠራበት ኖሯል። ይህ ሁሉ ሲሆን በመደብሮቻችን መደርደሪያ ላይ የምናየው ከሩቅ አገር የመጣ የናይሎን ገመድ ነው። ቅቤ ሻጯ እናት በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ስትሰጥ ፌስታል አላስፈለጋትም፤ ፌስታል የለመድነው እኛ ባለ መደብሮቹ ነን።

በገበያ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት የምትውል አንዲት ሴት ከማዳበሪያ ዘንቢል ስትሰፋ አይቼ፥ ገዢ ታገኚ እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «እኅቴ፥ ገዢ ሞልቷል፤ የሚያዝ ነጋዴ ነው የጠፋው» አለችኝ። አንድ አንዱን ለመንገደኛ መሸጥና መቶውን ለመደብር ማስረከብ አንድ አይደለም። መቶ የሚታዘዛት ብትሆን ባዶውን ከረጢት በጅምላ ትገዛለች፥ ረዳት ትቀጥራለች፥ ዋጋዋንም ትቀንሳለች።

ይህን ዐይነቱን ሥራ የድኻ ብልኀት ነው ብለው የሚንቁ እንዳሉ ዐውቃለሁ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከዘይት ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ፥ ከበርሜል በርና ብረት ምጣድ፥ ከአሮጌ ጎማም በረባሶ ሲሠራ ስንቱ ቤተ ሰብ እንደሚተዳደርበት ሄዶ ማየት ነው። ያንኑ በረባሶ ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ይዘው ተነሡ፤ የጎማውን ሶል በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ጋር አዋሕደው «ሶል ሬብልስ» የተባለውን ጫማ በባሕር ማዶ ሸጡ። እዚያው አዲስ አበባ «ተኪ» በተባለው ድርጅት መስማት የተሳናቸው ሴቶች የወረቀት ከረጢት በእጃቸው እየሠሩ ለመደብሮች ያስረክባሉ።

የሆነ ሆኖ ባዶ ዕቃ ሁሉ ለቤት ይሆናል ማለት አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይልቁን ይኸኛው ጉዳይ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከገበያ አንድ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ገዛሁ። ጽሑፉ ተፍቆ ነበር፤ እኔም ንጹሕ መስሎኝ አጥቤ የወጥ ዘይት ሞላሁበት። በሳምንቱ ወጡ እንግዳ ሽታ አመጣ። ዕቃውን በደንብ ሳሸተው የአረም ማጥፊያ ነበረበት። ዘይቱን ደፋሁት፤ በልጆቼ ላይ የደረሰ ነገር የለም፥ እግዚአብሔር ይመስገን። ሻጩን አልወቅስም፤ እርሱም ከሌላ ገዝቶት ይሆናል።

ፕላስቲክ መድኃኒቱን በግድግዳው ውስጥ ይመጥጠዋል፤ በኋላም ለሚሞላበት ዘይት ወይም ውሃ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። ስለዚህ የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም። ተገቢው ሥርዓት ይህ ነው፤ ገበሬው መድኃኒቱን እንደ ጨረሰ ወዲያው የዕቃውን ሩብ ያህል ውሃ ጨምሮ፥ ከድኖ፥ ግማሽ ደቂቃ ያህል ንጦ ወደ መርጫው ይገለብጠዋል፤ ይህን ሦስት ጊዜ ይደግማል፤ በመጨረሻም ማንም መልሶ እንዳይሞላበት ዕቃውን ይበሳዋል። መድኃኒት የተቀባ ዘር የነበረበት ከረጢትም እንዲሁ ለእህልም ሆነ ለዘንቢል አይበጅም። የሌሞና የዱና ስንዴ አምራቾች አረም ማጥፊያውን የሚገዙት ከእኛው ከተማ መደብሮች ስለ ሆነ፥ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ የሚሆነው አይመለከተንም ማለት የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ስለዚህ ለንግድ ምክር ቤታችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። መድኃኒት ሻጮች አባላት የተበሳውን ባዶ ዕቃ የሚመልስ ገበሬ በሚቀጥለው ግዢው ጥቂት ብር እንዲቀነስለት ይስማሙ፤ ያልተበሳ የመድኃኒት ጀሪካን በገበያ ሲሸጥ ያየ አባልም ዝም አይበል። እንዲሁም ባለ መደብሮች ለዘንቢል ሰፊዎች በኅብረት ትእዛዝ ይስጡ፤ ደንበኛው በመያዣ ገንዘብ ይውሰድ፥ ሲመልስም ገንዘቡ ይመለስለት። ዘንቢሉም ቢሆን በመጨረሻ ፕላስቲክ ነው፥ ፀሐይም ሲመታው ይበጣጠሳል የሚል ተቃውሞ አሠሪዬ ጋሼ አንሥተውብኛል፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ ገበያ ወጥቶ የሚመለስ ከረጢትና ከመደብር እስከ ቤት ብቻ የሚያገለግል ፌስታል በአንድ ሚዛን አይቀመጡም አልኋቸው።

ጋሼም ጥቂት ካሰቡ በኋላ ለሙከራ ሃያ ዘንቢል እንዲታዘዝ ፈቀዱ። ማንገቻው ከቃጫ እንዲሆን በትእዛዙ ደብዳቤ ላይ ጽፌአለሁ፤ በወጪ መዝገቡም ላይ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ለይቼ የራሱን ዐምድ ከፍቼለታለሁ።